ለፋብሪካ ኔትወርክ ናት ስንገዛ የምንሸወድባቸው ነገሮች እና እውነታው

ሰሞኑን አንድ ልጅ ደውሎ "ናት ልንገዛ ነው የቱ ይሻላል" ሲለኝ አጠገቤ የነበረው ኤሌክትሪሺያን "ማናት?" ብሎ አሳቀኝ። ናት (NAT) ማለት በሁለት ኔትወርክ መሀል ተቀምጦ የአይፒ አድራሻ የሚቀይር ዕቃ ነው። እዚህ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የተማረ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ በየግቢው 1 ቁጥር ክፍል አለ አይደል፣ ግቢ ውስጥ ላላችሁት "1 ቁጥር" ይበቃል፣ ከውጪ ለሚመጣ ግን የማን ግቢ እንደሆነ ካልተነገረው ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ማሽንም እንደዛው ነው፣ አምራቹ ሁለት አንድ አይነት ማሽን ይልክና የሁለቱም ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) 192.168.0.10 ሆኖ ቁጭ ይላል።

"ራውተር ሁሉ ናት አለው፣ ከፒያሳ አንድ የዋይፋይ ራውተር እንግዛ"

ይሄን እኔም ሞክሬው ተቃጥያለሁ። አዘዞ በኩል ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ (ስሙ ይቅር) የቤት ራውተር ገጠምን፣ ከማሽኑ ወደ ውጪ ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ መሞከሪያው) ይሰራል፣ ከስካዳው (ማሽኖቹን ከሩቅ የሚከታተለው ሶፍትዌር) ወደ ፒኤልሲው ግን ጭጭ። የቤት ራውተር እኮ የተሰራው ብዙ አድራሻን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ለመደበቅ ነው፣ ከውስጥ የተጀመረ ወሬ መልሱ ይመለሳል፣ ከውጪ የተጀመረውን ግን ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም። ፖርት ፎርዋርድ እናርግ (በአንድ የፖርት ቁጥር የመጣውን ለአንድ ዕቃ እንምራ) ብለን የሞድባስን (ማሽኖች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ፖርት 502 ለፒኤልሲው ሰጠነው፣ ከዛ የመብራት ቆጣሪውም 502 ፈለገ፣ ለሱ ሌላ ፖርት ስንሰጠው ደሞ ስካዳው ላይ ያንን ማስተካከል ሌላ ጣጣ፣ ብቻ አመሸን። ለፋብሪካ የሚፈለገው አንድ ለአንድ የሚተረጉም ናት ነው፣ የመጀመሪያው ማሽን 192.168.0.10 ውጪ 10.20.1.10 ሆኖ ይታያል፣ የሁለተኛው ደሞ 10.20.2.10፣ ፖርቶቹ ሳይነኩ። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ስንት አድራሻ አንድ ለአንድ እንደሚተረጉም ነው፣ ዋጋውን ቀጥሎ። በ24 ቮልት ዲሲ መስራቱንና ዲን ሬይል (ካቢኔ ውስጥ ዕቃ የሚሰካበት ብረት) ላይ መቀመጡንም እዛው እዩ።

"ናቱን ሰክቶ መሄድ ነው፣ ፒኤልሲው አይነካም"

ሰው ቀን ሙሉ የሚያባክነው እዚች ላይ ነው። ብዙ ማሽን ሲመጣ ፒኤልሲው ላይ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው አድራሻ) አልተሞላም፣ ለብቻው ሲሰራ አያስፈልገውማ። ናቱ የስካዳውን ጥያቄ በትክክል ያደርስለታል፣ ፒኤልሲው ግን ጠያቂው ከሌላ ኔትወርክ እንደመጣ አይቶ መልሱን በየት በኩል እንደሚልክ አያውቅም፣ እናንተ ደሞ ናቱ ተበላሸ ብላችሁ ትመልሱታላችሁ። መፍትሄው ሁለት ነው፣ ወይ ፒኤልሲው ላይ የናቱን የውስጥ አድራሻ ጌትዌይ አርጎ መሙላት፣ ወይ የጠያቂውንም አድራሻ ወደ ውስጥ አድራሻ የሚቀይር ናት መግዛት፣ ያኔ ፒኤልሲው የግቢው ሰው የጠራው ይመስለዋል። አምራቹ ፒኤልሲውን በፓስወርድ ከቆለፈው ያላችሁ ምርጫ ሁለተኛው ብቻ ነው፣ ይሄን ሳታጣሩ ብር እንዳትከፍሉ።

"ናት ካለ ፋየርዎል አያስፈልግም"

ኧረ በጭራሽ! አንድ ለአንድ ሲሆንማ ጭራሽ ማሽኑን ለውጪው ኔትወርክ እያሳያችሁት ነው፣ ማንም ፕሮግራሚንግ ሶፍትዌር ያለው ሰው ከቢሮ ሆኖ ሊገባበት ይችላል። ፋሲል ግቢ 12 በር አለው፣ በር ስላለ ግን ዘበኛ አለ ማለት አይደለም። ማን፣ ከየት፣ በየትኛው ፖርት እንደሚገባ መወሰን የሚችል ዕቃ ምረጡ፣ አንዳንዱ ናት ይሄን አብሮ ይዞ ይመጣል አንዳንዱ የለውም።

"ኢተርኔት ገመድ ላይ ያለ ሁሉ ያልፋል"

አያልፍም። የፕሮፊኔት (ፒኤልሲ ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ) የሪልታይም መልእክት የአይፒ አድራሻ ጭራሽ የለውም፣ ናቱ ምኑን ይተርጉመው? ፒኤልሲውና አይኦዎቹ (የሴንሰሩና የሞተሩ ሽቦ የሚገባባቸው ዕቃዎች) ከናቱ በውስጥ በኩል አንድ ላይ ይሁኑ፣ በናቱ የሚያልፈው የስካዳና የፕሮግራሚንግ ወሬ ይሁን። ኦፒሲ ዩኤ (ዳታ መለዋወጫ ሌላ ቋንቋ) ደሞ ሌላ ተንኮል አለው፣ ሰርቨሩ ሲጠየቅ የራሱን አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ ጽፎ ሊልክ ይችላል፣ ናቱ ያንን አይነካውም፣ ክላይንቱ (ጠያቂው) የተሰጠውን አምኖ 192.168.0.10ን ፍለጋ ይሄድና ይጠፋል።

"አይፒውን መቀየር አይቀልም?"

አንዳንዴ እውነት ይቀላል! ፕሮግራሙ እጃችሁ ላይ ካለና ማሽኑ ትንሽ ከሆነ ቀይሩት፣ ናት አትግዙ። ኤችኤምአይ (የማሽኑ ስክሪን)፣ ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ)፣ አይኦ ሁሉ እርስ በርስ በአድራሻ የተያያዘ ከሆነ ግን አንዷን ስትነኩ ሁሉንም ልትነኩ ነው፣ የዋስትና ጊዜ ካላለቀ ደሞ አምራቹ ሰበብ ያገኛል።

"ናት ያዘገያል" ለሚሉት፣ በየሰከንዱ ዳታ ለሚያነብ ስካዳ ልዩነቱ አይታይም፣ እለፉት።

"ኢንደስትሪያል ከተባለ የትም ይሰራል"

ይሄ እኛን በተለይ ይመለከታል። የብዙ ዕቃ ዳታሺት የሙቀት መጠኑን እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው የሚሰጠው፣ ጎንደር ደሞ ከ2100 በላይ ናት (ይቺኛዋ ከተማዋ ናት)። አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት ቶሎ አይወስድም፣ ስለዚህ 60 ዲግሪ ይችላል የተባለው እዚህ ላይችል ይችላል፣ በኛ ከፍታ ስንት እንደሚችል ጠይቁ። ካቢኔው ውስጥ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ተዉለት፣ ከድራይቩ በላይ ደሞ አትስቀሉት፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው።