የኦንላይን ፖከር ገንዘብ አያያዝ፣ ከድሬዳዋ ሲታይ

ድሬ ላይ ካርታ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማዋ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም በዚያው መስመር መጥቶ ኖሮባታል። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትከር ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ዶሚኖና ካርታ የሚወጡት ያኔ ነው። አሁን ደግሞ ስልክ ተጨምሯል። ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ፣ ጫቱን በአንድ ጉንጩ ይዞ፣ በአውራ ጣቱ ፖከር የሚጫወት ወጣት ከዚራም ሳቢያንም አይጠፋም።

ኦንላይን ላይ በብዛት የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። አምስት ካርታ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ከሰባቱ ምርጥ አምስት ያገኘ፣ ወይም ሌሎቹን አስፈራርቶ ካርታቸውን ያስጣለ፣ የተያዘውን ገንዘብ ያነሳል። ከቤቲንግ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እዚያ የሚጫወቱት ከቤቱ፣ ማለትም ከአጫዋቹ ድርጅት ጋር ነው፤ እዚህ ግን እርስ በርስ። ቤቱ ድርሻውን ይቆርጣል፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ግድም፣ ከተወሰነ ጣሪያ ሳያልፍ። ስለዚህ ለማትረፍ ከሌሎቹ መሻል ብቻ አይበቃም፤ ቤቱ የሚቆርጠውንም መሸፈን አለ። አብዛኛው ተጫዋች ይህን አይሸፍንም። ይበላል።

ተጫዋቾች ‘ባንክሮል’ የሚሉትን የቀፊራ ነጋዴ ቶሎ ይረዳዋል፤ ማንቀሳቀሻ ማለት ነው። ነጋዴ የሱቁን ማንቀሳቀሻ ከቤት አስቤዛ ጋር አይቀላቅልም። ከቀላቀለ ወይ መደርደሪያው ይራቆታል፣ ወይ ልጆቹ። የፖከሩም ማንቀሳቀሻ ለብቻው የተቀመጠ፣ ሙሉ በሙሉ ቢበላ ቤት ውስጥ ማንም የማይራብበት ገንዘብ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ማንቀሳቀሻ ሳይሆን የቤት ኪራይ ነው፤ ገና አልተበላም እንጂ።

ማንቀሳቀሻው ለምን ሰፋ ይበል? ጎበዝም ስለሚሸነፍ። ሁለት አስ በአማካይ ከ221 እጅ (እጅ የሚሉት ካርታ ታድሎ የሚያልቀውን አንድ ዙር ነው) አንዴ ነው የሚመጣው። ያም መጥቶ፣ ተቃራኒው ሁለት ንጉሥ ይዞ፣ ገንዘቡ ሁሉ ገብቶ፣ አሱ ከ100ው 18 ጊዜ ያህል ይሸነፋል። ይህ የአንድ እጅ ነገር ነው። የወራቱ የባሰ ነው። በየ100 እጁ 5 ትልቅ ብላይንድ የሚያተርፍ ሰው እንውሰድ፤ ብላይንድ ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰዎች በግድ የሚያስይዙት ገንዘብ ነው፣ ትንሽና ትልቅ አለው። ጎበዝ የሚባል ነው። የከፍ ዝቅታው ልክ በየ100 እጁ 90 ብላይንድ ቢሆን፣ ይህም የተለመደ ነው፣ 10,000 እጅ ተጫውቶ ከስሮ የመገኘት ዕድሉ 29 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ጠረጴዛ በሰዓት 70 እጅ ቢጫወት ከ140 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት በትክክል ተጫውቶ አጨብጭቦ መነሳት አለ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርምና አንድ ሌሊት ይመጣል። የድሬ ሰው ይህን ለማመን ስታቲስቲክስ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ልማዱ እንዲህ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙሉ መቀመጫ፣ ማለትም ይዘው የሚቀመጡት ገንዘብ፣ 100 ትልቅ ብላይንድ ነው። በትንሹ ጠረጴዛ፣ ብላይንዱ 1 እና 2 ሳንቲም በሆነበት፣ መቀመጫው 2 ዶላር ይሆናል። ከ20 እስከ 30 መቀመጫ መያዝ ይመከራል፤ ከ40 እስከ 60 ዶላር መሆኑ ነው። ውድድር ለሚወድ 100 መቀመጫም አይበዛም፣ ሽልማቱ ጥቂት ሰው ላይ ስለሚከመር። 150 ዶላር ሲሞላ ወደ ባለ 5 ዶላሩ ጠረጴዛ ይወጣል፤ 100 ላይ ሲወርድ ይመለሳል።

መውጣቱን ሁሉም ይችላል። መውረዱ ነው ጣጣው። ሦስት መቀመጫ የተበላ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ወደ ትንሹ ጠረጴዛ ሲወርድ አይታይም፤ አሥር እጥፍ ወደሚጫወቱበት ሲወጣ ነው የሚታየው። ፈረንጆቹ ‘ቲልት’ ይሉታል። እኛ እልህ እንለዋለን፤ ምላጭ ያስውጣል።

እኛ ጋ አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሒሳቡ በዶላር፣ ኪሱ በብር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የ60 ዶላር ማንቀሳቀሻ ከ3,400 ብር ተነስቶ ከ6,000 በላይ ሆነ። ጠረጴዛው ያው ትንሹ ጠረጴዛ ነው። ለድሬ ልጅ ግን ትንሽ መሆኑ ቀረ።

የማንቀሳቀሻን ዲሲፕሊን በማስተማር ስሙ የገነነው ክሪስ ፈርጉሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ አሜሪካዊ ነው። በ2006 ከዜሮ ተነስቶ 10,000 ዶላር እደርሳለሁ አለ። አንድም ዶላር ሳያስገባ በነፃ ውድድሮች ጀመረ። ከትንሾቹ ጨዋታዎች በቀር ከማንቀሳቀሻው 5 በመቶ በላይ ይዞ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ለትልልቅ ውድድሮች ከ2 በመቶ በላይ አይከፍልም፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው ገንዘብ ከጠቅላላው 10 በመቶ ካለፈ ይነሳል። በ2007 ደረሰ። እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ነው።

የተጫወተው ፉል ቲልት የሚባል ድርጅት ላይ ነበር። ከድርጅቱ መሥራቾችና ከቦርድ አባላቱም አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011፣ ተጫዋቾች ‘ጥቁር ዓርብ’ በሚሉት ቀን፣ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በትልልቆቹ የፖከር ድርጅቶች ላይ ክስ አቀረበ። በኋላ በቀረበው ክስ ዝርዝሩ ወጣ። ፉል ቲልት ለተጫዋቾቹ 390 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ እያለበት ባንክ ውስጥ የነበረው 60 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ፈርጉሰን ጥፋት ሳያምን በስምምነት ጨረሰ። ድርጅቱን ፖከርስታርስ በ2012 ገዛው። የአሜሪካ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። 5 በመቶ፣ 2 በመቶ እያለ በሥርዓት የተጫወተ ሰው፣ ገንዘቡ ፉል ቲልት ላይ ከነበረ፣ በእልህ ከተጫወተው እኩል ተቆልፎበታል። የማንቀሳቀሻ ሕግ ሁሉ የተሠራው ከካርታው ለመጠበቅ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ገንዘብ ነው ብሎ ይነሳል። ቁጥሩ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ሌላ ሰው ያለብኝ ዕዳ ይህን ያህል ነው ያለበት ወረቀት ነው።

የእቁብ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ያቀርባል። ዋሱ ደግሞ ቤቱ የሚታወቅ ነው። የፖከር ገጽ ዋስ ፈቃድ ሰጪው ነው። የማልታ፣ የአይል ኦፍ ማን ደሴት፣ የአልደርኒ፣ የኩራሳኦ፣ የካናዋኬ እየተባለ ገጹ ግርጌ ላይ የሚጻፈው። ዋስነታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የተጫዋቹን ገንዘብ ከድርጅቱ ሂሳብ ለይታችሁ አስቀምጡ ይላል፤ አንዳንዱ ማኅተም ብቻ ነው። ፉል ቲልትም እኮ የአልደርኒ ፈቃድ ነበረው። እኛ አገር የስፖርት ውርርድ ቤቶች ፈቃድ ሲወስዱ የኖሩት ከብሔራዊ ሎተሪ ነው። ኩራሳኦ የተመዘገበ ገጽ ገንዘቤን በላ ብሎ እዚያ የሚሄድ ሰው ግን አቤቱታውን የሚቀበለው አያገኝም።

ገንዘቡ ደኅና ሆኖ ጨዋታው የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የፕሮግራመሮች ቡድን በጊዜው ትልልቅ ገጾች ይጠቀሙበት የነበረውን የካርታ መበወዣ ፕሮግራም ሰብሮ፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ካርታ መናገር ችሎ ነበር። የአብሶሉት ፖከርና የአልቲሜትቤት ደግሞ የለየለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 እንደተጋለጠው፣ ከውስጥ የሰዎችን የተደበቀ ካርታ የሚያዩ አካውንቶች ነበሩ። አልቲሜትቤት ላይ ብቻ ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተበልቷል። ያጋለጡት ተቆጣጣሪዎች አልነበሩም። ራሳቸው ተጫዋቾቹ ቁጭ ብለው እጅ በእጅ ሲቆጥሩ፣ አንዱ የሚያሸንፍበት መጠን በሰው አቅም የማይሆን ሆኖ አገኙት።

ሦስተኛው ዓይነት ክስም ፍርድም የለውም። ሎክ ፖከር ለተጫዋቾቹ መክፈል አዘገየ፣ ወራት አለፉ፣ ከዓመት በላይ የጠበቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ገጹ ጠፋ። አለቀ።

ወደ ድሬ እንመለስ። እዚህ ያለ ልጅ በባንክ ካርዱ ውጭ አገር መክፈል እንደልቡ አይደለም። ስለዚህ ኤጀንት ይፈልጋል። ብሩን በቴሌብር ይልካል፣ ኤጀንቱ ዶላሩን አካውንቱ ላይ ይሞላለታል። ወይም በክሪፕቶ ያዞርለታል፤ በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ስለዚህ ቢካድ የት ይከሳል? አሁን ደግሞ ክለብ የሚባል አለ። መተግበሪያው ራሱ ገንዘብ አልይዝም፣ ቺፑ ለጨዋታ ብቻ ነው ይላል። ሒሳቡን የሚያወራርደው የክለቡ ኤጀንት ነው። እዚህ ፈቃድም፣ ዋስም፣ ዳኛም የለም። ያለው የአንድ ሰው የቴሌግራም ስም ነው። ስሙም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል።

መጥፎ ገጽ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይናገራል፣ የሚሰማው ከተገኘ። ገንዘብ ለማስገባት መታወቂያ አይጠይቅም፤ ለማውጣት ሲሆን መታወቂያ፣ የመብራት ሒሳብ፣ የራስ ፎቶ ይላል፣ ይቀበልና ፎቶው አይነበብም ብሎ ይመልሳል። ያስገቡትን እጥፍ እናደርጋለን ይላል፤ ጉርሻው እስኪያልቅ ተጫውቶ ካልተገኘ ግን ዋናውም አይወጣም። መተግበሪያውን ከስልኩ መደብር ሳይሆን በቴሌግራም ፋይል ይልካል። ከሁሉ የባሰው፣ ገንዘብህ እንዲለቀቅ መጀመሪያ ‘ታክስ’ ላክ የሚለው ነው። ታክስ የሚቆረጠው ካለው ገንዘብ ላይ ነው። አዲስ ላክ የተባለ ሰው የነበረውም የለም።

ጠንቃቆቹ የሚያደርጉት ቀላል ነው። ትንሽ ያስገባሉ፣ ብዙም ሳይጫወቱበት ግማሹን ለማውጣት ይጠይቃሉ። እጃቸው እስኪገባ ሌላ አይጨምሩም። የፈቃድ ቁጥሩን ገጹ ላይ ካለው ማስፈንጠሪያ ሳይሆን ራሳቸው የፈቃድ ሰጪውን ድረ ገጽ ከፍተው ይፈልጉታል። ለሳምንት ከሚጫወቱበት በላይ እዚያ አያስቀምጡም። አሥር ዶላር ለዚህ ሙከራ የሚቃጠልበት ሰው አለ፤ ርካሽ ነው።

ሳቢያን አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አውቃለሁ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፣ 212 ዶላር። ለማውጣት ከጠየቀ 11ኛ ቀኑ ነበር። ከቁጥሩ ሥር ‘በሂደት ላይ’ የሚል ቢጫ ጽሑፍ አለ።

“አቦ፣ ብሩ እኮ ይኸው! አይታይህም?” አለኝ፣ በጣቱ ስክሪኑን መታ መታ እያደረገ።

ከቢጫው ጽሑፍ ጎን ‘ሰርዝ’ የሚል ቁልፍ አለ። ከተጫኑት ገንዘቡ ወደ ጨዋታ ይመለሳል። በ13ኛው ቀን ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት፣ ተጫነው። አንድ ሰከንድ አልፈጀም።