መምህር የሌለው ኮሌጅ፦ የፓሪሱ «42»

ፓሪስ ውስጥ «42» የሚባል የፕሮግራሚንግ ትምህርት ቤት አለ። አዎ፣ ስሙ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተከፈተው፤ ገንዘቡን ያወጣው ደግሞ «ፍሪ» በተባለው የኢንተርኔት ኩባንያው የበለጸገው ዛቪዬ ኒየል ነው። ክፍያ የለም። መምህር የለም፣ ሌክቸር የለም፣ የማትሪክ ውጤት የሚጠይቅም የለም። ሕንጻው ሌት ተቀን ክፍት ነው።

ታዲያ ማንም ዘው ብሎ አይገባም። መጀመሪያ ኦንላይን የማስታወስና የማሰላሰል ችሎታን የሚለኩ ጨዋታዎች አሉ። እነሱን ያለፈ «ፒሲን» ውስጥ ይጣላል፤ በፈረንሳይኛ መዋኛ ገንዳ ማለት ነው። አራት ሳምንት ይፈጃል። ከሼል ትዕዛዞች (ኮምፒውተሩን በጽሑፍ ከማዘዝ) ተነስቶ ሲ ወደሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይገባል፣ ዓርብ ፈተና፣ ቅዳሜና እሁድ የቡድን ሥራ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትማ ፍራሽ ይዘው መጥተው እዚያው የሚያድሩ ነበሩ። ኮድ ጽፎ የማያውቅም ይገባል፤ ብዙ ሰው ግን እዚሁ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ መምህር ከሌለ ማን ያርማል? ተማሪው ተማሪውን። ሥራህን ለማሳረም ነጥብ ትከፍላለህ፣ ነጥቡን የምታገኘው ደግሞ የሌላውን ስታርም ነው፤ ስለዚህ ተደብቆ መማር አይቻልም። ፒሲንን አልፈው የሚጀምሩት የመጀመሪያ ፕሮጀክት «ሊብኤፍቲ» ይባላል፦ ከሲ ቋንቋ ጋር አብረው የሚመጡ፣ እንደ «ስትርለን» (የጽሑፍን ርዝመት የሚቆጥር) ያሉ ፈንክሽኖችን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ቁራጮችን፣ ከባዶ ተነስቶ መጻፍ። አራሚው አጠገብህ ይቀመጥና «ይቺ መስመር ምን ትሠራለች?» ይልሃል። መመለስ ካቃተህ ኮዱ ቢሠራም ዋጋ የለውም። ለእኔ የቤቱ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው፤ ኩረጃና ሽምደዳ እዚህ ጋ ይጋለጣሉ።

ሕጉም ቀላል አይደለም። አንድ ፈንክሽን ከ25 መስመር መብለጥ የለበትም፤ ኮድን ደጋግሞ የሚያስኬደው «ፎር» ሉፕ ክልክል ነው፣ «ዋይል» በተባለው ሌላው ሉፕ ተወጣው። ከዚያ «ሙሊኔት» የተባለው አውቶማቲክ አራሚ ይመጣል፣ እሱ ይሉኝታ አያውቅም። ለዓመታት «ብላክ ሆል» የሚሉት ቆጣሪም ነበር፤ ሥራህን በጊዜው ካላደረስክ ውልቅ።

ጉድለት የለውም አልልም። ዩኒቨርሲቲ በግድ የሚያስተምረውን ሒሳብና ቲዎሪ የሚፈልግ ሰው እዚህ በራሱ መፈለግ አለበት፣ በራሱ ተነሳስቶ የማይሠራ ሰውም ይጠፋል። ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ቅርንጫፍ በኋላ ተዘግቷል። ሌሎቹ ግን በብዙ አገር እየሠሩ ነው፤ ከእነሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው የአቡ ዳቢው ነው።