የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን ለብሶ ክፍል ይገባል?

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ይህች ከተማ በብርዷ ትታወቃለች። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት መሆኗም ለብዙ ሰው አይገርመውም። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ተማሪ የሚመደብለት ከየክልሉ ስለሆነ ከጋምቤላ፣ ከአፋር ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ልጅ ሻንጣውን ሲከፍት ቲሸርት በቲሸርት ነው። ግቢው ውስጥ የአለባበስን ነገር መጀመሪያ የሚወስነው ብርዱ ነው። ፋሽን ተራውን ይጠብቃል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። የጠዋት 2 ሰዓት ክላስ ያለው ተማሪ እጁን እጅጌው ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ መምህሩ መጻፍ ሲጀምር ሁለት ጣት ብቻ ብቅ ያደርጋል። ክፍሉ ማሞቂያ የለውም። እረፍት ሲሆን ሁሉም ወጥቶ ፀሐይ ያገኘው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። 5 ሰዓት ሲል ደግሞ ፀሐዩ ይከርርና ጃኬቱ ወገብ ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ደንበኛው አለባበስ ደራርቦ መልበስ ነው። ከውስጥ ቲሸርት፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ሁዲ ወይም ጃኬት። ከጂንስ ሱሪ ሥር ቱታ የሚለብስም ሞልቷል፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አይጠይቀውም።

አብዛኛው ጃኬት የሚገዛው ከሰልባጅ ነው። ወፍራም፣ ዚፑ የሚሠራ፣ ኪሱ ያልተቀደደ ሰልባጅ መርጦ ማውጣት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ ያለው ልጅ ዶርም ውስጥ ይፈለጋል፤ ጓደኞቹ ገበያ ሲወጡ ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ ጃኬት ሴሚስተሩን ሙሉ ቢለበስ ነውር የለበትም። ነውሩ አለመታጠቡ ነው። በክረምት የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፣ ገመድ ላይ ያደረ ደግሞ ጠዋት ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ ከልብሱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ኖት የሚያነብ ተማሪ ብታዩ፣ ዘበኛ ነው።

ትልቁ ክርክር ጋቢ ላይ ነው። ዶርም ውስጥ ጋቢ ንጉሥ ነው። ቁርስ ካፌ ለብሶ መሄድም ይቻላል፤ ማታ ላይብረሪ ሲታደር ደግሞ ያለ ጋቢ አይታሰብም። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ መምህር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሌላው ልብስህን አስተካክለህ ግባ ብሎ ይመልሳል። ተማሪውም ራሱ ይከፋፈላል፤ ጋቢ ለብሶ ክፍል የገባውን ልጅ ‹‹ፋራ›› የሚለው አለ፣ በልቡ የሚቀናበትም አለ። የሚያስቀው ነገር፣ ይህ አገር ለብርድ መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። እዚሁ ዞን መንዝ ላይ ከበግ ፀጉር በርኖስና ባና ይሠራል። ጥቁር በርኖስ የደረበ ገበሬ በውርጭ ጠዋት ከብት ሲነዳ ውሎ አይንቀጠቀጥም። የእሱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን በርኖሱን ቤት ትቶ በስስ ሁዲ ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባላገር እንዳይባል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በግቢው ካሉት የአለባበስ ፍርዶች ሁሉ ምክንያት የሌለው ይሄኛው ነው።

ሌላው ፍርድ እንደ ባቹ ይለያያል። ፍሬሽ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይዘንጣል። አዲስ ጫማ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሽቶ። ሲኒየሮቹ ከሩቅ ያውቁታል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያው ልጅ ሸበጥ በካልሲ አድርጎ ክፍል ይመጣል። የአዲስ አበባ ልጅ በስኒከሩ ይታማል፣ የገጠሩ በሱሪው ስፋት። ሴቶች ላይ ግን ዓይኑ ይከብዳል። ወንዱ ሱሪውን ዝቅ ቢያደርግ ይሳቅበትና ይረሳል፤ እሷ ቀሚሷ ቢያጥር ለማን ብላ ለበሰች የሚል ወሬ ዶርም ድረስ ይከተላታል። ብዙ ሴት ተማሪዎች ረጅም ጋውን ወይም ሰፋ ያለ ሹራብ የሚመርጡት ለብርዱ ብቻ አይደለም።

የአለባበስ ማስታወቂያ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አልፎ አልፎ ይለጠፋል። ቁምጣ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ እጅግ አጭር ቀሚስ ይከለከላሉ። ኮፍያ የመምህሩ ጉዳይ ነው። ሂጃብም ነጠላም ግቢው ውስጥ የዕለት ተዕለት ልብስ ናቸው። በጾም ወቅት ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ከነነጠላው መጥቶ ክፍል ሲገባ ያስተዋለ የለም።

ፕረዘንቴሽን ያለ ቀን ሁሉም ይቀየራል። ኮት ከዶርም ዶርም ይዞራል። የግሩፑ ልጆች ሦስት፣ ኮቱ አንድ ከሆነ፣ የጨረሰው በር ላይ አውልቆ ለቀጣዩ ያለብሰዋል። እጅጌው ለአንዱ ይረዝማል፣ ለሌላው ትከሻው ይጠባል። መምህሩ ኮቱን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያይ ፈገግ ይላል እንጂ ማርክ አይቀንስም። ሱሪ የሚተኮሰው ደግሞ ፍራሽ ሥር ነው። ማታ እርጥብ አድርጎ፣ በመስመሩ አጥፎ፣ ላዩ ላይ መተኛት። በደንብ ካልተገላበጡበት ጠዋት ቀጥ ብሎ ይነሳል።

በአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ነገሩ ይቀልላል፤ የተግባር ትምህርት ላይ ነጭ ጋውን ሁሉንም ይሸፍናል። እዚያ የሚፈረደው ንጽሕናው ላይ ነው።

ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ከየአካባቢው የመጣ የባህል ልብስ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ትልቁ የልብስ ወቅት የጂሲ፣ ማለትም የተመራቂዎች ነው። ክሬዚ ዴይ፣ ከለር ዴይ፣ ጓደኛ የሚፈርምበት የባች ቲሸርት፤ በመጨረሻም ከሐበሻ ቀሚስ ወይም ከሱፍ ላይ የሚደረብ ጥቁር ጋውን። ተመርቆ ቆላ የሚመለስ ልጅ ወፍራሙን ጃኬት ይዞ አይሄድም። ለዶርም ጓደኛው ይሰጠዋል፣ ወይም በርካሽ ይሸጥለታል።