ጤና አዳም በደሴ፦ የቅጠሉ ውሁዶችና በሰውነት ላይ ያላቸው ሥራ

ጤና አዳም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ከአጥር ሥር ወይም በአሮጌ ጣሳ ተተክሎ የሚገኝ፣ ቅጠሉ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ አበባው ቢጫ የሆነ ዘላቂ ዕፅ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ሩታ ቻሌፐንሲስ ይሉታል። ስሙን በ1767 እ.ኤ.አ. የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል የሶርያን ከተማ አሌፖን ያመለክታል። ከብርቱካንና ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የትውልድ አገሩም የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው።

ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በብርዳማዋ ደሴ ጤና አዳም ከቡና አይለይም። አቦሉ ሲቀዳ ለጋ ቅርንጫፍ በሲኒው ይነከራል፤ ቶናውና በረካውም በዚያው መዓዛ ይጠጣሉ። ፍሬው በርበሬ ሲዘጋጅ ከቅመሞቹ ጋር ይገባል። ሆድ ቁርጠት ወይም ብርድ ለያዘው ሰው ደግሞ ቅጠሉ ተጨቅጭቆ ወይም ተፈልቶ ይሰጣል።

ያ ከሩቅ የሚለይ ሽታ የሚመጣው ከተናኝ ዘይቱ ነው። በዘይቱ ውስጥ ብዙውን ድርሻ የሚይዙት ኬቶን የሚባሉ ሁለት ውሁዶች ናቸው፦ 11 የካርቦን አቶሞች ያሉት 2-አንዴካኖንና 9 ያሉት 2-ኖናኖን። 2-አንዴካኖን ትንኝና መዥገር የማባረር ኃይል ስላለው በውጭ አገር በቆዳ ላይ ለሚቀባ የነፍሳት መከላከያ ምርት ውሏል። ዘይቱ በቤተ ሙከራ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን እድገት እንደሚገታም ታይቷል፤ ይህ ግን በብልቃጥ ውስጥ የተገኘ ውጤት እንጂ በሕመምተኛ ላይ የተረጋገጠ ፈውስ አይደለም።

ከዘይቱ ሌላ ቅጠሉ ሩቲን የሚባል ፍላቮኖይድ (በብዙ ዕፅዋት የሚገኝ የውሁድ ዓይነት) አለው። ውሁዱ በ1842 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው ከጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ስለነበር ስሙን ከዚሁ ወገን መጠሪያ ወስዷል፤ የሚታወቀውም ኦክስጅን አዘል ጎጂ ሞለኪውሎችን በማርገብ ነው። እንደ ስኪሚያኒን ያሉ አልካሎይዶችም (ናይትሮጅን ያለባቸው የዕፅ ውሁዶች) በቅጠሉ ውስጥ ይገኛሉ። የሆድ ቁርጠቱን ልማድ በተመለከተ፣ ከዚሁ ወገን ዕፅዋት የተገኙ ውሁዶች የአንጀትን ለስላሳ ጡንቻ ሲያላሉ በቤተ ሙከራ ስለታየ፣ የእናቶች ልምድ መሠረት የለሽ ነው ማለት አይቻልም።

ከሁሉም ይልቅ ሊታወቁ የሚገባቸው ግን ቆዳን ለፀሐይ ጨረር የሚያጋልጡት ፍራኖኩማሪን የሚባሉ ውሁዶች ናቸው፦ ሶራለን፣ ቤርጋፕተን፣ ዛንቶቶክሲንና ስሙን ከዕፁ ያገኘው ቻሌፐንሲን። ሶራለንና ሁለቱ ቅርብ ዘመዶቹ የዘር መረጃ በያዘው የሴሎች ዲኤንኤ መካከል ይገቡና፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቃሉ፤ ያን ጊዜ ሴሉ ይጎዳል። ስለዚህ ጭማቂው የነካው ቆዳ በፀሐይ ከዋለ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን፣ ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዳነም በኋላ ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። ጨረሩ በደጋ ስለሚበረታ በደሴ ጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን በብዛት የሚያጭድ ወይም የሚጨቀጭቅ ሰው እጁን መሸፈኑና ወዲያው በሳሙና መታጠቡ ተገቢ ነው። ይኸው ባሕርይ በሐኪም እጅ መድኃኒት ሆኗል፤ ዛንቶቶክሲን ከተለካ ጨረር ጋር ለለምጽና ሶሪያሲስ ለተባለው የቆዳ በሽታ ሕክምና ይሰጣል።

በሲኒ ለአፍታ የተነከረ ቅርንጫፍ ወደ ቡናው የሚለቀው በዋናነት መዓዛውን ነው፤ ፍራኖኩማሪኖች በውኃ ብዙም አይሟሙምና። ብዙ ቅጠል ጨምቆ ወይም አፍልቶ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ዕፁ ማሕፀንን የማኮማተርና ፅንስ የማስወረድ ኃይል አለው፤ ለዚህ ሲባል በብዛት የወሰዱ ሴቶች ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ተጎድቶ ለሞት የደረሱበት ጊዜ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ጭማቂውንም ሆነ የተፈላውን ልትጠጣ አይገባም።