ማይክሮቶናል ቅኝት ምንድን ነው? የማመሳከሪያ ዊኪ ውስጥ የሚገባውስ የቱ ነው?

ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ተነስታችሁ ነጩንም ጥቁሩንም ሳትዘሉ ወደ ቀኝ ብትሄዱ፣ ከ12 እርምጃ በኋላ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል። ይህ ርቀት ኦክታቭ ይባላል። ቀጭኑ ድምፅ የሚርገበገበው ከወፍራሙ እጥፍ ነው። በመሃል ያለውን ርቀት ለ12 እኩል ቦታ መክፈል የተለመደ ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ለ19፣ ለ31 ወይም ለ53 መክፈልም ይቻላል። እኩል አለመክፈልም ይቻላል። ከተለመደው 12 የወጣ ቅኝት በጥቅሉ ማይክሮቶናል ይባላል።

መለኪያው ሴንት ነው። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ያስተዋወቀው ነው። ኦክታቭ 1200 ሴንት፣ የፒያኖ አንድ እርምጃ ደግሞ 100 ሴንት ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው። 1200ን ለፈለጋችሁት ቁጥር ማካፈል ትችላላችሁ። ለ47 አካፈላችሁ፤ ቅኝት ወጣ። ለ1,000 አካፈላችሁ፤ ይኸውና ሌላ ቅኝት። ካልኩሌተር የያዘ ሰው ከምሳ በፊት መቶ ቅኝት ይፈለፍላል። ታዲያ የማመሳከሪያ ዊኪ የሚያዘጋጅ ሰው የቱን አስገብቶ የቱን ይተው?

ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ «ጥሩ የሚሰማውን» የሚል ነው። ለዚህም ሂሳብ አለ። ሁለት ድምፆች የሚርገበገቡበት መጠን 3 ለ 2 ሲሆን ጥርት ብለው ይስማማሉ። ርቀቱ 702 ሴንት ገደማ ነው። ፒያኖ 700 ይሰጣል፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ጆሮ ጥቂት ነው። 5 ለ 4 ግን 386 ሴንት ሲሆን የፒያኖው 400 ነው። 14 ሴንት አለፈ ማለት ነው፤ ይሄ ይሰማል። ባለ 31ዱ ለዚሁ 387 ይሰጣል። ባለ 53ቱ ሁለቱንም ቁልጭ አድርጎ ይመታል። በዚህ ሚዛን 31 እና 53 ያለ ክርክር ይገባሉ።

ወደ 13 ስንመጣ ግን ሚዛኑ ይወላገዳል። ኦክታቩን ለ13 ስንከፍል 7 እርምጃ 646 ሴንት፣ 8 እርምጃ 738 ሴንት ይሆናል። ከሁለቱ አንዱም 702 አጠገብ አይደርስም። በሂሳቡ ከሄድን 13 ከደጅ ይመለስ። ነገር ግን አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኢዝሊ ብላክዉድ ከ13 እስከ 24 ላለው ለእያንዳንዱ ክፍፍል አንዳንድ ኢቱድ (አጭር የመለማመጃ ድርሰት) ጽፎ በ1980 ገደማ ጨርሷል። 13ንም አልዘለላትም። እንግዲህ ሂሳቡ የናቀው ቅኝት የሚደመጥ ሙዚቃ አለው።

በተቃራኒው 665ን ተመልከቱ። ኦክታቩን ለ665 ብትከፍሉ 3 ለ 2ን የምታገኙት ከአንድ ሺህኛ ሴንት ባነሰ ስህተት ነው። የሚገርም ቁጥር ነው፤ የሂሳብ ሰው ይወደዋል። አንዱ እርምጃ ግን 1.8 ሴንት ብቻ ነው። ጎረቤት ድምፆቹን እንኳን ጀማሪ፣ የሠለጠነ ጆሮም በዜማ መሃል አይለያቸውም። የትኛው ጣት፣ በየትኛው ቁልፍ ሊጫወተው?

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ቁጥሮቹን በእጃችን ብንሸፍናቸው ገጹ ላይ ምን ይቀራል? የ31ን ብንሸፍን ብዙ ይቀራል። የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ክርስቲያን ሁይገንስ በ1691 ጽፎበታል። የአገሩ ልጅ የፊዚክስ ሊቁ አድሪያን ፎከር ያሠራው ባለ 31 ድምፅ ኦርጋንም በ1950 እዚያው ኔዘርላንድ፣ ሀርለም ከተማ፣ ቴይለርስ ሙዚየም ውስጥ ተተክሎ ነበር። የ13 ብላክዉድ አለለት። የ665 ቢያንስ ለምን እንደተፈለገ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ይተርፈዋል። የ1,000 ገጽ ግን ባዶ ወረቀት ይሆናል። ካልኩሌተር በሴኮንድ የሚሠራውን ሠንጠረዥ ገጽ ብሎ መሰየም አንባቢን ማድከም ነው።

«ይሄኛው ከዚያኛው ጋር አንድ ነው» የሚለው ክርክርም አለ። 24 ማለት 12ን ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ ሆኖም ከዚህ የሚወጣው ሩብ ድምፅ የራሱ ታሪክና የራሱ ደራሲዎች ስላሉት ለብቻው ይቆማል። ሩብ ኮማ ሚንቶን የሚባለው የድሮ የአውሮፓ ቅኝትና ባለ 31ዱ ደግሞ በ3 ለ 2ው ርቀት ላይ የሚለያዩት በ0.2 ሴንት ነው። ለጆሮ መንታ ናቸው። አንዱ ግን የተወለደው የኦርጋንና የሃርፕሲኮርድ ቃኚ በጆሮው ሦስተኛ የሚባለውን ርቀት፣ ማለትም 5 ለ 4ን፣ ሲያጠራ ነው፤ ሌላው ኦክታቭ እኩል ሲቆራረስ። እኔ ብሆን ሁለት ገጽ እሰጣቸዋለሁ።

በቁጥር የማይያዙም አሉ። ጋሜላን የሚባለው የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት የሙዚቃ መሣሪያ ስብስብ ስሌንድሮና ፔሎግ የሚባሉ ቅኝቶች አሉት፤ ነገር ግን አንዱ የመሣሪያ ስብስብ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ሆን ተብሎ ነው የሚለያየው። የአንዱን ስብስብ ልኬት ወስዶ «ፔሎግ ይህ ነው» ብሎ መለጠፍ ስህተት ነው። እዚህ ገጹ የሚጻፈው ስለ አሠራሩ ነው፤ ልኬቶቹ ምሳሌ ሆነው ይከተላሉ።

ሌላው ደግሞ ኦክታቩን ጭራሽ የሚዘለው ነው። ቦለን-ፒርስ የሚባለው ቅኝት እጥፉን ትቶ ሦስት እጥፉን ለ13 ይከፍላል። ሄንዝ ቦለንና ጆን ፒርስ ሳይተዋወቁ ነው የደረሱበት። «ኦክታቭ የሌለው አይገባም» የሚል ደንብ ያወጣ ዊኪ ይህን በር ላይ ያስቀረዋል፤ ያሳፍራል።

አስቸጋሪው የፈጣሪው ጉዳይ ነው። ሰውየው ትናንት ማታ አንድ ቅኝት አወጣ፣ ስም ሰጠው፣ ዛሬ ጠዋት ገጽ ከፈተለት። ጠቅላላ ኢንሳይክሎፒዲያ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ ሌላ ሰው ጽፎበታል ወይ? ለማይክሮቶናል ብቻ የቆመ ዊኪ ግን እንዲህ ቢጨክን ግማሽ ይዘቱን ያጣል፤ ዘርፉ ራሱ በሞካሪዎች የሚኖር ነው። እኔ በፈጣሪው የግል ገጽ ላይ እንዲቆይ አደርጋለሁ። ከእሱ ሌላ አንድ ሰው ሙዚቃ ከሠራበት ወይም የጊታሩን ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉትን የድምፅ መከፋፈያዎች) በዚያ ቅኝት ካስተካከለ፣ ያን ጊዜ ወደ ዋናው ይዛወር። ስሙን በተመለከተ ግን ትንሽ ጠንከር እላለሁ፤ አንድ ቅኝት በሦስት ሰው ሦስት ስም ወጥቶለት አይቻለሁና።

የቀሩት አይጣሉ። አንድ ረጅም ሠንጠረዥ ይበቃቸዋል፦ የክፍፍሉ ቁጥር፣ የእርምጃው ሴንት፣ ለ3 ለ 2 እና ለ5 ለ 4 ያለው ስህተት። 47 እዚያ ይቀመጥ፤ ሰው ዜማ ይዞ ሲመጣ ገጹ ይከፈትለታል።