ብዙ ዲኤንኤ የተገኘበት ናሙና ለምን ይጠረጠራል?
የዕጢ ወይም የፅንስ ዲኤንኤ በደም ምርመራ ለመፈለግ ከሴል ውጭ በፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ ሲለካ መጠኑ ከተለመደው እጅግ ከበለጠ፣ ብዙዎች ናሙናው የተሻለ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን በቅድሚያ የምጠይቀው ደሙ ፕላዝማው ሳይለይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ነው። በተለመደው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቱቦ ውስጥ ደሙ ሲቆይ ነጭ የደም ሴሎች እየፈነዱ የራሳቸውን ዲኤንኤ ስለሚለቁ፣ የሚፈለገው የዕጢ ወይም የፅንስ ዲኤንኤ ድርሻ ይቀንሳል፤ ፕላዝማው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለይ የሚባለውም ለዚህ ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው የቁርጥራጮቹ ርዝመት ነው። ጥሩ ናሙና በርዝመት ግራፉ ላይ 167 ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ጎልቶ የሚታይ ጫፍ ሲኖረው፣ ከፈነዱት ሴሎች የመጣው ግን ሺዎች ቤዝ ጥንድ ስለሚረዝም ራቅ ብሎ ይከመራል። ይህ ክምር ጎልቶ ከታየ፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ደሙ እንደገና እንዲቀዳ መጠየቅ ይገባል፤ አለዚያ በእርግጥ ያለው የዕጢ ወይም የፅንስ ዲኤንኤ ምልክት «አልተገኘም» ተብሎ ለታካሚው ሊነገር ይችላል።