የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በኢትዮጵያ

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ ሕግ ያገኘው በ1950ዎቹ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1955 የተጀመረው ሥርዓት ብዙ ጊዜ ከተሻሻለ በኋላ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 ወጣ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 715 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የጡረታ ባለመብት ሆኑ። የመንግሥት ሠራተኞቹ ሕግ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ወጥቶ ቁጥሩ 1267 ሆኗል።

ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የመንግሥት ድርሻ 25 በመቶ ይደርሳል።

የሲቪል ሠራተኛ መጡሪያ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ዕድሜው የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። ቅጥር እንዳያመልጠው የልደት ዘመኑን በግምት የሞላ ወጣት ያንን ወረቀት ከአርባ ዓመት በኋላ ያገኘዋል፤ ያኔ እናቱን ምስክር ቢያቆም እንኳ አይረዳውም።

ለዘለቄታ አበል፣ ማለትም ዕድሜ ልክ በየወሩ ለሚከፈል ጡረታ፣ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስሌቱ የሚነሣው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ የወር ደመወዝ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት የአማካዩ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ለወታደርና ለፖሊስ ደግሞ 1.65። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነና 35 ዓመት ያገለገለ መምህር 61.25 በመቶ፣ ማለትም 6,125 ብር ያገኛል። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ስላለበት፣ ሲቪል ሠራተኛው በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጥ 60 መድረስ ይጠበቅበታል። ዲግሪ ይዞ ሥራ የጀመረ ሰው ጣሪያውን ከሩቅ ብቻ ያየዋል። የቤትና የኃላፊነት አበል ስሌቱ ውስጥ ስለማይገባ፣ በአበል ሲደጎም የኖረ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ገቢው ከጠበቀው በላይ ያሽቆለቁላል። ዕድገት ያገኘ ሠራተኛ በአንጻሩ አዲሱ ደመወዝ በአማካዩ ሙሉ በሙሉ እንዲታይለት ሦስት ዓመት ሊቆይበት ይገባል።

25 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጡሪያ ዕድሜው አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ55 ዓመቱ፣ በፈቃዱ መጡረት ይችላል። 10 ዓመት ሳይሞላው 60 የደረሰ ሠራተኛ ግን ወርኃዊ አበል የለውም፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት መሥራት የማይችል ሰው የአገልግሎት ዘመኑ ሳይታይ ከጉዳቱ በፊት የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ይከፈለዋል።

ባለጡረታው ሲሞት ክፍያው ለተተኪዎቹ ይተላለፋል። ሚስት ወይም ባል የአበሉን ግማሽ፣ እያንዳንዱ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ የሚጦር ወላጅ 15 በመቶ ያገኛሉ። ድምሩ ግን ሟቹ ከሚያገኘው አይበልጥም። የዚያ መምህር ሚስት ከሦስት ትንንሽ ልጆች ጋር ብትቀር መቶኛው 110 ስለሚሆን፣ የሁሉም ድርሻ ተቀንሶ በ6,125 ብር ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል።